እናቴ በጣቢያው በር ላይ የገደፈችው ጾም

ከክፍል ነው የወሰዱኝ። ባዮሎጂ እየተማርን ነበር። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመው መምህራችንን በጣት ጠሩት፤ እሱ ደግሞ እኔን ጠራኝ። ጉዳዩ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ያነበብኩት ጽሑፍ ነው። ከክፍላችን አንድ ልጅ ተይዞ ከሄደ በኋላ ቤተሰቦቹ የት እንዳለ አላወቁም ነበር። እኔም «የት አደረሳችሁት?» ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ነው። ሳነብ ያጨበጨቡልኝ ሁሉ ስወጣ ደብተራቸውን ነበር የሚያዩት።

ያን ዕለት ጠዋትም እናቴ እንደወትሮዋ ከቤት ሳልወጣ ጀርባዬን አማትባ «ጠባቂ መልአክሽ ይከተልሽ» ብላኛለች። የፖሊስ መኪናው ላይ ስወጣ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። እና የት ቀረ?

የጣቢያው እስር ክፍል ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው። ጋምቤላን በመጋቢት ለሚያውቅ ይህ ይበቃዋል። ለማያውቅ ግን፣ ረፋዱ ላይ ግድግዳው እጅ አያስነካም፤ ጥግ ያለው ባልዲ ደግሞ ክዳን የለውም። ውስጥ አንዲት አኙዋ እናት ብቻ ነበሩ። ፖሊሶች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን አመጧቸው። እኔ ማማ አልኳቸው።

«ምን ሰረቅሽ?» አሉኝ።

«አልሰረቅሁም። ጽፌ ነው።»

«ጽፈሽ!» ሳቁ። «እኔ መጻፍ አልችልም። ግን ይኸው፣ እኩል ታሰርን።»

ጣቢያው ምግብ አይሰጥም። ስንቅ ከቤት ይመጣል፤ የሚገባውም በቀን አንድ ጊዜ፣ በስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ያመጣው ሰው ደግሞ በሩ ላይ ፖሊስ እያየው መቅመስ አለበት። መርዝ እንዳይኖርበት ነው አሉ፤ ለታሳሪው ደህንነት።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። እናቴ ነርስ ናት። በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ ውላ እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጠብታ ውሃ አፏ አይገባም። አንድ ጊዜ ታማ ግሉኮስ ሲሰካላት «ይሄማ በደም ሥር ነው፣ በአፍ አይደለም፤ ጾም አያስገድፍም» ብላ ከባልደረቦቿ ጋር ስትከራከር ሰምቻታለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

በማግስቱ መጣች። በቆርቆሮው ላይ ምስማር የወጣበት ቀዳዳ አለ፤ አንድ ዓይን ያሳያል። ተረኛው ፖሊስ ረጅም የኑዌር ልጅ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው።

«ቅመስ» አላት።

«ጾመኛ ነኝ ልጄ። ዘጠኝ ሰዓት ልመለስና ልቅመስልህ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ስንቅ የለም። ቅመስ፣ ወይ ውሰድ።»

«ኧረ ምስር ነው! የገዛ ልጄ እኮ ናት፤ እኔ ልመርዛት?»

«አውቃለሁ። ሕግ ነው፣ እናት።»

ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ከኋላዋ ስንቅ ያመጡ ሰዎች ተሰልፈዋል። እኔ ካለፈው ቀን ጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። በልቤ «ውሰጂው፣ ሂጂ» እላለሁ፤ ሆዴ ግን ሌላ ነበር የሚለው። እናቴ ቆረሰች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ጀርባዋን ልትሰጥ ስትል፣ «ወደዚህ ዙር፣ ልይ» አላት። ዞረች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ሰው ሁሉ እያያት አኘከች። ጉሮሮዋ ላይ ሲወርድ አየሁት። ከቀዳዳው ዘወር ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

ሳህኑ ሲገባ እንጀራው ጫፉ ላይ ትንሽ ተቆርሷል። እጄን መዘርጋት አቃተኝ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ማማ።

«እናቴ በእኔ ምክንያት ጾም ገደፈች።»

ማማ ጴንጤ ናቸው፤ የዘጠኝ ሰዓቱ ነገር እምብዛም አልገባቸውም። የእናት ነገር ግን ገባቸው። «ካልበላሽ በከንቱ ገደፈች» አሉኝ። «ብይ።»

አብረን በላን። እያፈርኩ በላሁ፤ ደግሞም ጣፈጠኝ። የባሰ ያፈርኩት በዚያ ነው።

ሲመሻሽ ማማ በአኙዋ ቋንቋ ጸለዩ። ከማይገባኝ ቃል መሀል የልጃቸውን ስም ሰማሁ፤ ከዚያ የእኔን። እኔ ግን «ጠብቀኝ» ማለት ከበደኝ። የተጠበቅሁት እኔ፣ የከፈለችው እሷ፤ ምን አፍ አለኝ?

በነጋታው እኔም እንደ እናቴ ልጾም ብዬ ውሃም አልጠጣሁም። ስድስት ሰዓት ሲሆን የእናቴን ነጠላ በቀዳዳው አየሁና በሩን ደበደብኩ። ረጅሙ ፖሊስ ከፈተ።

«ምንድን ነው?»

«ምግቡን እኔ ልቅመሰው። እናቴን ተዋት።»

«አንተ እስረኛ ነህ።»

«መርዙ የተፈራው ለእኔ አይደል? ታዲያ እኔው ልቅመሰዋ!»

«ብትሞትስ? የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አልሞትም። የሚጠብቀኝ አለ።»

«ማን?»

«እግዚአብሔር» አልኩ። ሲጠየቁት እንዲህ ትልቅ ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከሰልፉ አንዱ «እናንተ፣ ቄስ ነው እንዴ ያሰራችሁት?» አለና ሰው ሳቀ። ፖሊሱ አልሳቀም። እናቴን አየ፤ እኔን አየ። ሄዶ ሳህኑን ከእጇ ተቀበላት።

«ተይ አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸች። «ከንፈርሽ ደርቋል፤ አንቺም እኮ ጾመኛ ነሽ!»

«ትናንት የአንቺ ነበር፤ ዛሬ የእኔ ነው።»

ቀጥ ብዬ ቆምኩና ጎረስኩ። ጀርባዬን አልሰጠሁም። አኝኬ ስጨርስ መድኃኒት እንደሚውጥ ሕፃን አፌን ከፍቼ አሳየሁት። «በቃ፣ በቃ፣ ግባ» አለኝ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ነበር፤ ትሳቅ ታልቅስ አላየሁም። ተረኛው እሱ በሆነ ቀን ሁሉ እንዲህ አደረግን።

የተፈታሁት ለምን እንደታሰርኩ ሳይነግሩኝ ነው። ማማ እዚያው ቀሩ። አሁን እሑድ እሑድ ስንቃቸውን እኔ አደርሳለሁ፤ በሩ ላይም እቀምሳለሁ።

እናቴ ለንስሐ አባቷ ተናዝዛ ስግደት ተሰጣት። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን አይሰገድም፤ እስኪያልፍ ጠበቀችና ሰሞኑን ጀመረች፤ በየማለዳው፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ሳሎን ውስጥ።

«አስገድደውኝ ነው አላልሽውም?» አልኳት።

«አላልኩም።»

«ለምን?»

«ማንም አላስገደደኝም። ውሰድ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ይህን የምጽፈው ጓዳ ተቀምጬ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በመሀል በመሀሉ የእናቴ ጉልበት ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። ትናንት አጠገቧ ልሰግድ ስነሳ «ያንቺ አይደለም» ብላ መልሳኛለች። ዛሬ ሳልጠይቃት ነው ሄጄ የምሰግደው።