ሁለት አጭር፣ ሦስት ረጅም

ከአምደወርቅ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬደው ቀበሌ፣ ደግሰው ጥሩምባውን ሲያነሳ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ሞተ?» ብሎ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቅሬው፣ የአገሩ ዕድር፣ ጥሩምባ ነፊ እሱ ነበር። ሰው ሲሞት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ይወጣና ሦስት ጊዜ ረጅም አድርጎ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም አንዴ በኽምጣና፣ አንዴ በአማርኛ ይጣራል። በየሸንተረሩ የተበተነው ሰው ያን ሰምቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወርዳል። ደግሰው በሥራው ይኮራል። ቄሱ ለነፍስ፣ ዳኛው ለድንበር፣ እሱ ካልነፋ ግን ማንም በወጉ አይቀበርም። ይህንንም ሰው እስኪናገርለት አይጠብቅም፣ ራሱ ነው የሚናገረው።

የልጅነት ጓደኛው ካሤ ልጆቹ በሙሉ ርቀው ሄደውበታል። ሁለቱ ሳውዲ፣ አንዷ ባሕር ዳር ናቸው። ስለዚህ አንድ ቀን አጨዳ ላይ ሳሉ ማጭዱን አስቀምጦ አደራ አለው። «ልጆቼ ለቀብሬ አይደርሱም ደግሰው። አንተ ሰው አታሳጣኝ።» ደግሰውም ያንተንማ ሰሃላ ድረስ ነው የማሰማው ብሎ ፎከረ፤ ካሤ ሳቀና ማጭዱን አነሳ።

ያኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰላማዊት ሌላ ጭንቅ ላይ ነበረች። በቀበሌው ደም ግፊት የተገኘባቸው ሰባት ሽማግሎችና አሮጊቶች አሉ። በየቀኑ አንድ ኪኒን መዋጥ ነው፣ ሌላ ምንም ጣጣ የለውም፤ እነሱ ግን ይረሳሉ። የኔሰው ራሱን ሲያመው ብቻ ነው የሚውጠው፤ ራሱን ካላመመው ኪኒኑን ማባከን መስሎ ይታየዋል። ውባንቺ ደግሞ የረሳችውን የሳምንት ኪኒን አጠቃላ ልትውጥ መዳፏ ላይ ስትቆጥር ነው ሰላማዊት የደረሰችባት። ስልክ እንዳይደወልላቸው ግማሾቹ ስልክ የላቸውም፣ የግማሾቹም ቻርጅ የሚደረገው በገበያ ቀን ነው። ሰላማዊት በስብሰባ መካከል ተስፋ ቆርጣ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰማው ነገር ምን ይሆን ብላ ጠየቀች። ግፊት የሌለበት ካሤ ከኋላ ሆኖ «ሞት» አለ። ሁሉም ወደ ደግሰው ዞረ።

የኪኒን ጥሩምባ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንዲነፋ ተወሰነ። በጾም ከዘጠኝ በፊት ውሃ የሚቀምስ የለም፣ በፍስኩም ዘጠኝ ሰዓት ክፉ ሰዓት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ደግሰው እንደለመደው ነፋውና ቀበሌው በሙሉ እያለቀሰ ወረደ። ካሤም ደረቱን እየመታ መጥቶ፣ የሞተው ማን እንደሆነ ቢጠይቅ የሚነግረው አጣ። ከዚያ ወዲያ ሕግ ወጣ። ሁለት አጭር ለኪኒን፣ ሦስት ረጅም ለሞት።

ደግሰው ሹመቱን ወደደው። በየቀኑ ሁለቱን አጭር ነፍቶ ከቋጥኙ እንደወረደ በየደጁ እየዞረ ዋጣችሁ ወይ ይላል፤ ያልዋጠ ካገኘ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ ይሰብካል። ውባንቺ ይህ ሰው ስንሞት ማሰማቱ ሳያንሰው በቁማችንም አላሳርፍ አለን እያለች ታማዋለች፤ ቢሆንም ትውጣለች።

አሁን ደግሰው ራሱ የደበቀውን እንንገር። ሰላማዊት ሽማግሎቹን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስትለካ፣ ሰው እንዳይፈራ ብሎ እሱም ክንዱን ሰጥቷት ነበር። ለክታ ደግማ ለካች። ሰው ሲበተን ለብቻው ጠርታ፣ ከሰባቱም የእሱ እንደሚብስ ነገረችው።

«አያ ደግሰው፣ ይህን በየቀኑ ካልዋጡ ልብዎ ይደክማል። ትንፋሽ ያጥርዎታል።»

«እሺ ልጄ። ለሰው ግን እንዳትነግሪ።»

የታማሚ ምስጢር ነውና አልተናገረችም። ደግሰው የፈራው ምንዋጋውን ነው። ምንዋጋው የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፣ ጥሩምባውን ካየ ዓይኑን አይነቅልም፤ ጥሩምባ ነፊው ታሟል ከተባለ በማግስቱ የሚሾመው እሱ ነው። ኪኒን ሲውጥ የታየ ሰው ደግሞ ታሟል ይባላል። ስለዚህ ደግሰው በየወሩ ኪኒኑን ይቀበላል፣ አመስግኖ ጥሩምባው በሚያድርበት የቆዳ ከረጢት ውስጥ ይጨምራል፣ ሰባቱን ሊያስውጥ ይሄዳል። ቋጥኙን ሲወጣ ሁለት ቦታ መቀመጥ ሲጀምር እንኳ ያመካኘው በጫማው ነው።

ካሤ በሰኔ ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ አረፈ። ግፊት አልነበረበትም፤ በቃ ደከመውና ተኛ። ደግሰው አምደወርቅ ገበያ ነበርና መርዶው መንገድ ላይ አገኘው። ዳገቱን ሳያርፍ ወጣ። ጥሩምባውን ይዞ ቋጥኙ ላይ ሲቆም ፀሐይዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበረች። የሚያየው ነገር ሁሉ ይዞርበታል፣ ደረቱ ይመታል፣ ካሤ ካሤ ይላል በልቡ። ነፋ። ትንፋሹ መሐል ላይ ተቆረጠ። ደግሞ ነፋ፤ አሁንም ተቆረጠ። ሦስተኛው እንቢ አለ። ስሙን ሊጣራ አፉን ቢከፍትም የወጣው ትኩስ አየር ብቻ ነበር።

በየሸንተረሩ ያሉት ሁለት አጭር ሰሙ። ዘንድሮስ ደግሰው ሰዓቱን አያዛንፍም አሉና ኪኒናቸውን ዋጡ። ጎረቤቶቻቸውም የሽማግሎቹ ነው ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሬሳ አያድርምና በዚያው ቀን ካሤን የቀበሩት ካህናቱን ሳይጨምር ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ያን ቀን ቃሬዛው ጌጥ አልነበረም። የሚቀይር ሰው ስላልነበረ ደግሰው አንዱን ጫፍ ይዞ እስከ መጨረሻው ወረደ። ቄሱ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሉ ወደ መንገዱ አይተው ትንሽ ቆዩ። የሚመጣ አልነበረም። ደግሰው አለቀሰ፤ ሰዎቹ ለጓደኛው መሰላቸው። እውነት ነው፣ ለጓደኛው ነበር፤ ግን ከዚያም የባሰ ነገር ነበረበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ወይራው ሥር ተቀመጠ። ቀበሌው ተዋርዷልና ሁሉም ተቆጥቷል። የቅሬው ዳኛ ዓለምብርሃን ስንት ጊዜ እንደነፋ ጠየቀው። ደግሰው መሬት መሬት እያየ ሁለት አለ።

ውባንቺ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። «እኔ ካሤን የሸኘሁት» አለች፣ «በአንድ ኪኒንና በአንድ ጣሳ ውሃ ነው።»

የሚስቅ አልነበረም። ደግሰው ተነሳና ጥሩምባውን ሊያስረክብ ከከረጢቱ መዘዘው። ከጥሩምባው ጋር የወራት ኪኒን፣ አንዱም ሳይነካ ከነማሸጊያው እግሩ ሥር ተዘረገፈ። ሰላማዊት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ውባንቺ ጎንበስ ብላ አንዱን አንስታ ከራሷ ኪኒን ጋር አስተያየችው፤ አንድ ዓይነት ነው።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ ደግሰው። «ትንፋሽ አጥሮኝ ነው። ካሤን ሰው ያሳጣሁት እኔ ነኝ።»

በዚህ መሐል ምንዋጋው ቀስ ብሎ መጥቶ ጥሩምባውን አነሳ፤ ጉንጩን ነፍቶ ሞከረው። የወጣው ድምፅ እንኳን ሸንተረሩን ወይራውንም አልዞረም። ደግሞ ሞከረና አስቀመጠው። ደግሰው ይህን ሰው ፈርቶ ነበር ሕመሙን የደበቀው።

ዓለምብርሃን ፈረደ። ጥሩምባው ከደግሰው አይወሰድም። የካሤ አርባ ሲሆን፣ ባጎደለበት በዘጠኝ ሰዓት፣ ሦስቱን ረጅም ይነፋል። እስከዚያ በየቀኑ ሰው ፊት ኪኒኑን ሳይውጥ ጥሩምባውን አይነካም። ቤቷ ከቋጥኙ ሥር ነውና ምስክሯ ውባንቺ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሳዋን ይዛ ትወጣለች፤ አፍህን ክፈት ትላለች፤ ምላስህን አንሳ ትላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀበሌውን ሲያዝ የኖረ ሰው ምላሱን ያነሳል።

አርባው ደረሰ። ደግሰው ቋጥኙን አንድ ጊዜ ብቻ አርፎ ወጣ። ውባንቺም ጣሳዋን ይዛ ከኋላው አለች፤ ቀኑ ተዝካር ነው ብላ እንኳ አልማረችውም። ዋጠ። ከዚያ ነፋ፤ ረጅም። ደግሞ ረጅም። ሦስተኛው ከሁሉም ረዘመ። የካሤን ስም በኽምጣና ጠራ፣ በአማርኛ ጠራ፣ ድምፁ ከማዶ ተመለሰ።

ሰዉ ከየሸንተረሩ መውረድ ጀመረ። ፊት ፊት የሚመጡት ግፊት ያለባቸው ሽማግሎች ናቸው፤ ነጠላቸው የተዘቀዘቀ፣ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ኪኒን። የኔሰው መቃብሩ ዘንድ ሲደርስ እያለከለከ መዳፉን ዘረጋ።

«በርዝመቱ ሞት ነው፣ በሰዓቱ ኪኒን ነው» አለ። «እንደ ባለፈው እንዳይሆን ብለን ሁለቱንም ይዘን መጣን።»

የውባንቺ ጣሳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ደግሰው ከቋጥኙ ወርዶ ጥሩምባውን እንደታቀፈ ወደ መንገዱ አየ፤ ሰው ገና እየወረደ ነው፣ ጫፉ አይታይም። ከመቃብሩ አጠገብ ቁጭ አለ።

«ይኸው ካሤ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዘገየሁ እንጂ አልዋሸሁህም።»