ማንም የማይቀመጥበት አግዳሚ

አስመራ ነፃ በወጣች በሁለተኛው ዓመት የሆነ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል፤ ግን አንዲት ሴት በሥራ መሃል ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ባየሁ ቁጥር ሁሉም ይመጣብኛል። ክፉ አለቃ ሠራተኛውን ምን እንደሚያደርገው የማያውቅ የለም። እኔ የምጽፈው ስለ ደግ አለቃ ነው። ስለ ራሴም ነው፤ እዚያ ስደርስ እንዳልሸሽ አስቀድሜ ልናገረው ብዬ ነው።

አባቴ አስመራ አጠገብ ያለችው የዓዲ ኣበይቶ ሰው ነው፣ እናቴ ጎንደሬ። ተወልጄ ያደግሁት አስመራ ሲሆን ከተማው ዳር በነበረች አንዲት የሹራብ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ማሽን ላይ ነበርኩ፤ በኋላ የአሥራ ሁለት ሴቶች የቅርብ ኃላፊ አደረጉኝ። ይህን እኛ ጋ ካፖ ይሉታል። ካፖ ማለት ከላይም ከታችም የሚወቀስ ሰው ነው። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሹመቱን ወድጄው ነበር።

ግቢው ውስጥ ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር አንድ የእንጨት አግዳሚ ነበር። ያስቀመጡት የድሮው ሥራ አስኪያጃችን አቦይ ተስፋይ ናቸው። ደንቡ የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። የደከማት፣ ያመማት፣ ቤቷ ሐዘን ያለባት ሴት ማሽኗን ታቆምና ወጥታ ትቀመጣለች። ለሩብ ሰዓት ያህል። ምን ሆንሽ የሚላት የለም። አቦይ ተስፋይ ነገረኛ ሰው ነበሩ፤ ለአንዲት የተዘለለች ክር ግማሽ ቀን ይጨቃጨቃሉ። በአግዳሚው በኩል ሲያልፉ ግን ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው ነው የሚያልፉት።

ከነፃነት በኋላ እሳቸው በጡረታ ወጡና አንድ ታጋይ ተመደበልን። ጓደኞቹ ወዲ ባህታ ይሉታል፣ የባህታ ልጅ ለማለት፤ እኛም እንደዚያው አልነው። አንቱ ስንለው፣ በትግል ሜዳ አንቱ የሚባል የለም ብሎ ከለከለን። ግራ እግሩ ቆስሎ የዳነ ነው፣ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ ታጋዮች ደመወዝ አልነበራቸውም፤ እሱም ያለ ደመወዝ ይሠራል፣ ቢሮው ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ያድራል፣ ከእኛ ጋር ምስር ይበላል። የክር ጥቅሉን ከመጋዘን ራሱ ተሸክሞ ያመጣል። የማሽኑን ሥራ በሁለት ሳምንት ከእኛ ተማረ።

እንዲህ ያለ አለቃ አይተን አናውቅም ነበር። ወደድነው። ቤት ስንገባ እንኳ ወሬያችን እሱ ነበር።

በመጣ በሁለተኛው ወር አብረኸት የምትባል ትልቅ ሴት ራሷን አሟት አግዳሚው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ወዲ ባህታ ከመጋዘን ሲወጣ አያት። አልተቆጣም። ያመማት መሆኑን ጠይቆ ሲረዳ፣ «ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ አንቺ ዕረፊ፣ እኔ አለሁ» አላት። ገብቶም በዚያ እግሩ ማሽኗ ፊት ቆመና እጀታውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መግፋት ጀመረ። አብረኸት ስትመለስ የጀመረችውን እጅጌ ጨርሶላት ነበር። አመሰገነችው፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ከዚያ ቀን በኋላ ማን ይቀመጥ? ይሉኝታ ያዘን። አንዷ ከተቀመጠች እሱ በቆሰለ እግሩ ሊቆምላት ነው። ማንም ሳይከለክለን ራሳችንን ከለከልን። ትኩሳት ያለባት ጥርሷን ነክሳ ትውላለች። አንዲት አዲስ ገቢ ሳታውቅ ብትቀመጥ ሁለት ቀን ሰላምታ ነሣናት። «ዐይነ ደረቅ» ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ቀስ በቀስ አግዳሚው ላይ የክር ጥቅል መከመር ተጀመረ፤ ቆይቶ ወንበር መሆኑም ተረሳ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወዲ ባህታ ይሰበስበናል። ከሜዳ ያመጣው ልማድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ የራሱን ጥፋት ይናገራል። በመጨረሻ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ሰው እንኳ ከሥራ አልቀረም ብሎ ደስ ይለዋል። እኛም ደስ ይለናል። ጤነኞች የሆንን መስሎት ነበር።

ከእኔ አሥራ ሁለት ሴቶች አንዷ ለተብርሃን የምትባል ናት። ሁለታችንም ጥራቮሎ የሚባል ሰፈር ልጆች ነን፤ ጠዋት አብረን እንመጣለን። ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ልጅ አልነበራትም። ለማርያም ያልተሳለችው ስለት የለም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ክንዴን ያዘችና አራት ወሯ መሆኑን በጆሮዬ ነገረችኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ፋብሪካ ውስጥ ከሰሙ ወዲ ባህታ እንደሚሰማ፣ እሱ ከሰማ ደግሞ ሥራዋን ሊሠራላት እንደሚመጣ ታውቃለች። ሰፊ ሹራብ መልበስ ጀመረች። ያ ማሽን ደግሞ ቀላል አይደለም፤ እጀታው የሚገፋው በክንድ ብቻ ሳይሆን በወገብም ነው።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የተማሪዎች ሹራብ ታዘዘና ተጣደፍን። ረቡዕ ጠዋት ለተብርሃን ከማሽኗ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አልማዝ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ዛሬ ደኅና አይደለሁም። ትንሽ ወጥቼ ልቀመጥ?» አለችኝ።

በመስኮቱ ወደ ግቢው አየሁ። ወዲ ባህታ የክር ጥቅል በትከሻው አድርጎ እግሩን እየጎተተ ይመጣል። እሷ ብትቀመጥ እሱ መጥቶ በእኔ መስመር ሊቆም ነው። ሌሎቹ ካፖዎች ምን እንደሚሉ አሰብኩ። እነሱን አስቀድሜ እሷን አላሰብኩም፤ እዚህ ላይ የምዋሸው የለኝም።

«እስከ ምሳ ቻዪው» አልኳት።

«እወ» አለችኝ፤ እሺ ማለቷ ነው። ተመልሳ ማሽኗ ፊት ቆመች።

ምሳ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከወደ እሷ የእጀታው ድምፅ ቆመ። ዞር ስል ማሽኑን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች ወደ ወለሉ ትወርዳለች። ጫማዋ ላይ ደም አየሁ። ወዲ ባህታ ሮጦ መጣ፤ እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ራሱ አቅፎ መኪና ላይ ጫናትና ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ሕፃኑ አልተረፈም። ወንድ ነበር። ሐኪሙ ጠዋት ብትተኛ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር ማለቱን ባሏ ነገረኝ። ምናልባት። በዚያች አንዲት ቃል ስንት ዓመት እንቅልፍ አጣሁ።

ቅዳሜ ተሰበሰብን። ወዲ ባህታ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ለምን አልነገረችኝም ብሎ ጠየቀ። መቼም አፌ አያርፍም፤ ተነሣሁና፣ አንተ በእሷ ቦታ እንዳትቆም ብላ ነው አልኩት። ስለ አብረኸት ነገርኩት፤ አግዳሚው ላይ ለምን ክር እንደተከመረም ነገርኩት። አንድም አላስቀረሁም። ከአንዱ በስተቀር።

እግሩን እየጎተተ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ፣ «ሜዳ ላይ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካዋል። እኔ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

በልማዱ መሠረት፣ አንድ ሰው ጥፋቱን ሲያምን ሌላ የሚጨምር አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። እሱም ጠየቀ። ለተብርሃን ፈቃድ እንደጠየቀችኝ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ስንገባ ክሩ ተነሥቶ አግዳሚው ተወልውሎ ጠበቀን። አራት ሰዓት ሲሆን ወዲ ባህታ ወጥቶ ራሱ ተቀመጠ። ማረፍ አያውቅበትም። ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ተነሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ። ከጎኑ የሚቀመጥ አልተገኘም፤ እኛ በመስኮት እያየን እጀታችንን እንገፋለን።

በሁለተኛው ሳምንት ለተብርሃንን ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አማቷ ሻሂ ቀድተውልኝ ወጡ። የምናገረው ጠፋኝና ስለ ስብሰባው አወራኋት። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ በሰው ፊት አመነ አልኳት፣ ይህ እንደሚያጽናናት ሁሉ። ጨምሬም፣ አለቃ እንደዚያ ሲሆን ሰው ምን ያድርግ አልኩ።

ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እሱን መቼ ጠየቅሁት?» አለችኝ። «የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

ሻሂውን ትኩሱን ጠጣሁትና ወጣሁ። እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ሄድኩ።

ከወር በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰች። በመጀመሪያው ቀን አራት ሰዓት ሲሆን ማሽኗን አቆመች። እኔን አላስፈቀደችም። ወጥታ ወዲ ባህታ አጠገብ ተቀመጠች። እሱ መሬት መሬቱን ያያል፣ እሷ ዛፉን። በማግስቱ አብረኸት ወጣች። ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ። ወዲ ባህታ ያን ጊዜ መቀመጡን ተወው፤ በዚያ ሲያልፍም እንደ አቦይ ተስፋይ ፊቱን ወደ ዛፉ ማዞር ለመደ። አግዳሚው እንዲህ ነው የተመለሰልን።

ለተብርሃን ሌላ ልጅ አላገኘችም፤ ቢያንስ እኔ አስመራን እስክለቅ ድረስ። ሰላምታ ነሥታኝ አታውቅም። ጠዋት አብረን መጓዛችንንም አልተወችም። ግን ከዚያ በኋላ በሠራንበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። መቀስ እንኳ ብትፈልግ ተነሥታ ከሩቁ ማሽን ታመጣለች።

ጥፋቴን ለወዲ ባህታም ሳልነግረው ቀረሁ። ከፋብሪካው ሲሄድም የኔን ጥፋት ጭምር ተሸክሞ ሄደ።

ዛሬ አዲስ አበባ ነኝ። ስድስት ሴቶች የሚሠሩባት ትንሽ ልብስ ስፌት አለችኝ። በር ላይ አንድ አግዳሚ አስቀምጫለሁ፤ አራት ሰዓት ሲሆን ቀድሜ የምቀመጥበት እኔ ነኝ። ልጆቹ፣ እትዬ አልማዝ ዕረፍት ይወዳሉ እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አሞኝ ነው የምትለኝን ነገሯን ሳትጨርስ ሂጂ እላታለሁ። አንዳንዷ ዋሽታኝ ይሆናል፣ ለእሱም ግድ የለኝም። የምፈራው ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ አንዷም ምንም ሳትጠይቀኝ የዋለች እንደሆነ ሥራ አይያዝልኝም፤ እየዞርኩ ፊታቸውን አያለሁ።