ልጓም አልበጠስኩም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለባልንጀሮቼም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌንና ቁጡነቴን ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ፤ ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበርና። አንባቢ ሆይ፣ አንተ አታውቀኝም፤ እኔም ፊትህን አላይም። ለአንተ መናገር ይቀለኝ ይሆናል። ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ፤ ሌላ አነጋገር አልችልም።

አስተማሪ ሆኜ ዘመሮ የሄድኩት ጢሜ በቅጡ ሳያቀመቅም ነው። የወሰደኝ ጋሽ ተክሌ ነበር። በበጋ ብቻ ወደዚያ አገር ብቅ የምትለውን የጭነት መኪና የሚነዳት እሱ ነው። መኪናዋ የእሱ አልነበረችም፤ ደብረ ብርሃን የተቀመጠ የአንድ ነጋዴ ናት። በዚያ ጉዞ ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ የለበሰውን ወፍራም የሱፍ ባና አውልቆ ደረበልኝ፤ ቤት እስካገኝም እሱ በሚያርፍበት ቤት አሳደረኝ። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር ለትምህርት ቤቱ ጠመኔ ይዞልን ይመጣ ነበር። ማንም አላዘዘውም።

እኔ ማስረዳት እወዳለሁ። አንድ ነገር ዐውቄ ለሌላ ሰው ካላስረዳሁት ያወቅሁት አይመስለኝም። ጋሽ ተክሌ ይህን ዐውቆብኝ "የኔታ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ገበያተኛው መኪናዋን ከቦ ሲመለከት፣ "በል የኔታ፣ አስረዳቸው እንጂ!" ይለኛል። እኔም እቀጥላለሁ። ይህ መሪ ነው፤ ይህ ማርሽ ነው፤ ይህ ከመቀመጫው አጠገብ የቆመው ዘንግ ደግሞ የእጅ ፍሬን ይባላል።

"እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?" አሉኝ አንድ ቀን ጭቃ ሹሙ አቶ ተሰማ።

"የመኪና ልጓም ማለት ነው። ሲስቡት መኪናዋ ትቆማለች" አልኳቸው።

"ልጓም ካላትማ ድርቆሽ አቅርቡላት! ከደብረ ብርሃን እስከዚህ ጾሟን ነው የመጣችው?"

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ጋሽ ተክሌ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዘመሮ የእጅ ፍሬን ስሙ ልጓም ሆኖ ቀረ። ቃሉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህን ሁሉ ሳስረዳ ግን ዘንጉን አንድ ጊዜ እንኳ ነክቼው አላውቅም። ጋሽ ተክሌ አይፈቅድም ነበር። "የኔታ፣ ዓይንህን አምነዋለሁ፤ እጅህን ግን ገና አላወቅሁትም" ይለኛል። ይህ አነጋገሩ ይቆጠቁጠኝ ነበር። ነክቶት የማያውቀውን ነገር የሚያስረዳ ምን ዓይነት አስተማሪ ነው?

አንድ የገበያ ቀን መኪናዋ ገብስና የበግ ቆዳ ተጭና፣ ከገበያው በላይ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ ቆማለች። ጋሽ ተክሌ ለቅሶ ሊደርስ ነው። ሞተሯ የሚነሣው ከፊት ማኖቬላ በሚሉት ጠማማ ብረት እየተዞረ ስለነበር እንደ ልማዱ ማርሹን ነጻ ተወው። የእጅ ፍሬኑን ግን እስከ መጨረሻው ሳበው፤ ጎማውም ሥር ድንጋይ አደረገ።

"የኔታ፣ ደርሼ እስክመለስ አደራ። ማንም እንዳይወጣባት።"

"ግድ የለም ጋሼ፣ እኔ አለሁ" አልኩት።

አደራ አለኝ። አደራውንም ተቀበልኩ።

እሱ ከሄደ በኋላ ጉም ከገደሉ ወጥቶ ገበያውን ዋጠው። የሰው ድምፅ ይሰማኛል እንጂ ሰው አይታየኝም፤ እኔንም የሚያየኝ የለም። ያን ጊዜ ነው ጋቢናዋ ውስጥ የወጣሁት፤ እጄም የተነሣው። ለምን? ሌላ ቀን ሳስረዳ እንዳላፍር ነው? ወይስ እጄን አላውቀውም ላለኝ ሰው እጄ ምን እንደሚችል ለማሳየት? በዘንጉ ጫፍ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። ዘንጉን ትንሽ ወደ ላይ ሳብኩት። ከዚያ ወደ ታች ለቀቅሁት። ጋሽ ተክሌ ሲያደርገው እንዳየሁት፣ ምንም ሳላሳስት። እንዲህ ነው የሚለቀቀው ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ድንጋዩ ይይዛታል ብዬ ነበር። መኪናዋ ድንጋዩን ረግጣ አለፈች።

መልሼ ልስበው ታገልኩ፤ ጉልበቴ አልበቃም። ዘልዬ ወረድኩ። "ሽሹ!" ብዬ እንኳ አልጮህኩም። ከጉሙ ውስጥ የእትዬ አስካለ ካብ ሲናድ ሰማሁ፤ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ናቸው። በሬያቸው አንዴ ጮኸ፤ ዝም አለ። ቀጥሎ መኪናዋ ገደል ስትገባ ተሰማ። ሰው አልሞተም። አምላክን ስለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ግን ሰው ያልሞተው እኔ ተጠንቅቄ አይደለም።

በማግሥቱ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ያገሩ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ደንቡ ነው። መጀመሪያ የተጠየቀው ጋሽ ተክሌ ነበር።

"ልጓሟን ስቤ ነው የሄድኩት" አለ፣ እንዲገባቸው በእነሱ ቃል። "መምህሩን አደራ ብዬዋለሁ፤ እሱ ያየውን ይናገር። እሱ ያለውን እቀበላለሁ።"

ይህን ሲል ወደ እኔ አልዞረም። ምን ብሎ ይዞራል? አምኖኛል።

አቶ ተሰማ ግን ዞሩ። "አንተ መምህር፣ በኪዳነ ምሕረት ይዤሃለሁ። ልጓሟን የበጠስከው አንተ ነህ?"

ልጓም ሲበጠስ ያውቃሉ። ፍሬን እንደሚለቀቅ ግን አያውቁም፤ ስለ መሳቡ እንጂ ስለ መልቀቁ ነግሬያቸው አላውቅም። የጠየቁኝ እኔው በሰጠኋቸው ቃል ነው። በዚያች ቅጽበት በሩ የት እንደተከፈተልኝ አየሁ፤ አይቼም ገባሁበት።

"በኪዳነ ምሕረት፣ ልጓም አልበጠስኩም" አልኩ።

እውነት ነው፤ የተበጠሰ ነገር የለም። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። ማስረዳት ጀመርኩ። ልጓሙ እስከ መጨረሻው ካልተሳበ በራሱ ጊዜ ሊለቅ እንደሚችል፣ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ይብስ እንደሆነ፣ ልክ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ሰው ረጋ ብዬ አስረዳሁ። ይህም እውነት ነው።

"ታዲያ በደንብ አልሳበውም በላ!" አለ ከተቀመጡት አንዱ።

እኔ አልሳበውም አላልኩም። ዝም አልኩ እንጂ። ውሸት ሳልናገር ሰው ሸጥኩ።

ጋሽ ተክሌ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። እንደተረዳ ከዓይኑ አወቅሁ። መጮህ ይችል ነበር፤ "እሱ ነው የለቀቀው" ማለት ይችል ነበር። "እቀበላለሁ ብያለሁ፤ እቀበላለሁ" ብቻ አለ። ለእትዬ አስካለ በሬ እንዲተካ ተፈረደበት። ሰው ሲበተን በአጠገቤ አለፈ።

"አስረዳሃቸው፣ መምህር" አለኝ። የኔታ አላለኝም።

ባለ መኪናው አባረረው። ፍሬኑን የማይስብ ሾፌር የሚል ስም ከደብረ ብርሃን እስከ ዘመሮ ስለተከተለው ሌላም የሚቀጥረው አላገኘ። መሪ ጨብጦ አያውቅም ከዚያ ወዲህ። ከጊዜ በኋላ ቀየት ገበያ ውስጥ፣ ጨው የተጫኑ የሰው አህዮች ሲነዳ ፊት ለፊት ተገናኘን። አህዮቹን ወደ ዳር አድርጎ መንገድ ለቀቀልኝ።

"እንደምን ሰነበቱ፣ መምህር" አለኝ።

በባናው ያሞቀኝ ሰው "እርስዎ" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜስ መናገር አልችልም ነበር? ገበያው ሙሉ ሰው ነበር። "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ አለፍኩ።

ያልተናገርኩት በትክክለኛው ቃል ስላልተጠየቅሁ ነው እያልኩ ለብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼን ግን ጥያቄው ቢሳሳት እንኳ መልሱን ካወቃችሁ ተናገሩ እላቸዋለሁ። እንዲህ እያልኩ በጠመኔ እጽፋለሁ።

ከአንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የተበደልከው አንተ አይደለህም። ማስረዳትም እዚህ ላይ ይብቃኝ። ያን ቀን በሸንጎው መካከል ልናገረው የሚገባኝ ይህን ብቻ ነበር፦ ጋሽ ተክሌ የእጅ ፍሬኑን በደንብ ስቦት ነበር። የለቀቅሁት እኔ ነኝ።