የፈተና ወረቀቷ ይቅረብ

ማኅተም ወረቀት ላይ ጧ ሲል በሰማሁ ቁጥር እግሬ አርፎ አይቀመጥም። ወዲያው እንጅባራ ፍርድ ቤት ነኝ፤ አባዬ ዝናብ በጠጣ ጋቢው ሸፍኖኝ አግዳሚው ላይ እቁነጠነጣለሁ።

ለጎበዝ ተማሪዎች አዳሪ ትምህርት ቤት ተፈትኜ ስሜ ስላልወጣ ፈታኞቹን ከሶ ነበር።

«ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ እንዴት ትወድቃለች?» አለ።

ዳኛዋ «የፈተና ወረቀቷ ይቅረብ» አሉ፤ ጸሐፊው ትእዛዙ ላይ ማኅተሙን አሳረፈበት።

አባዬ ጆሮዬ ሥር «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲለኝ እግሬን ይበልጥ አወዛወዝኩ። ከእሱ መለየቱን ፈርቼ የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ሆን ብዬ ባዶ ትቻቸው ነበር።

ወረቀቱ ቀርቦ ተረታን። ዛሬም ዳንግላ ልጠይቀው ስሄድ «ለውጠውብሽ ነው እንጂ!» እያለ ይቆጣል።

እኔም እግሬን እያወዛወዝኩ «ይሆናል፣ አባዬ» እላለሁ።