የደረጀ ዲስክ

ባለፈው እሑድ ልጄ ላፕቶፗን ብርድ ልብስ ላይ አድርጋ ስትሠራ ድንገት ጠፋባት። "ዳድ፣ ዶንት ዎሪ፣ ኦቨርሂት አድርጎ ነው" አለችና፣ ከመጠን በላይ ግሏል ማለቷ ነው፣ ወደ ጠረጴዛው ወሰደችው። ለእሷ ነገሩ በዚሁ አለቀ። እኔ ግን ደረጀን ሳስብ ዋልኩ።

ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ባሕር ማዶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ እትዬ ዘነበች ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኮምፒውተር እማር ነበር። እትዬ የእናቴ አብሮ አደግ ስለነበሩ የሚያዩኝ እንደ ልጃቸው ነው። ኮምፒውተሬን የገጣጠመልኝ የክፍል ጓደኛዬ ደረጀ ነበር። አሮጌ ዕቃ እየፈለገ፣ እየሞከረ፣ ለሐበሻ ተማሪዎች መሸጥ ጀምሯል። ሱቅ የለው፣ ማስታወቂያ የለው፤ ያለው ስሙ ብቻ ነው።

በዚያ ማሽን ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንኩ። ያኔ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ እንደገና መገንባት ሰዓታት ይፈጅ ስለነበር ጠዋት አስጀምሬው እወጣለሁ። ስመለስ ሥራው መሃል ላይ ቆሞ፣ ጥቁሩ ስክሪን በከርነል ስህተት ተሞልቶ ይጠብቀኛል። አጥፍቼ ሳስነሣው ዲስኩን የሚመረምረው ፕሮግራም የተበላሹ ፋይሎችን መዘርዘር ይጀምራል። ከፊሉን ይጠግናል፣ ከፊሉን ይሰርዛል። የመመረቂያ ሥራዬም እዚያው ነበርና በየቀኑ እየተሸረፈ ሄደ። ኬብል ቀየርኩ፣ ፕሮግራሞቹን ሁሉ እንደ አዲስ ጫንኩ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ጥፋቱ የዲስኩ ነው ብዬ ቆረጥኩና የተረፉልኝን ፋይሎች ገልብጬ ዲስኩን ነቀልኩት።

ቅዳሜ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ሐበሻ ከሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ሄድኩ። ደረጀ ከሦስት ተማሪዎች ጋር ፍርፍር እየበላ ነበር። ዲስኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"ይኸው ዕቃህ። የሞተ ዲስክ ነው የሸጥክልኝ።"

"ቴስት አድርጌው ነው እኮ የሰጠሁህ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሙቀቱን ቼክ አድርገሃል?"

"በዚህ ብርድ? ባክህ ተወኝ።"

እጁን ጠርጎ ዲስኩን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ተማሪዎቹ ምግባቸውን ማየት ጀመሩ።

ከሱቅ አዲስ ዲስክ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ያው ስህተት መጣ። ከዚያ አንድ ቀን በረዶው አውቶቡሱን አስቁሞት ከመንገድ ተመለስኩ። ክፍሌ ስገባ ማሽኑ ከነስክሪኑ ዘርፍ ባለው ቀይ የከፋይ ጨርቅ ተሸፍኗል። እጄን ከሥሩ ሰድጄ ነካሁት፤ ያቃጥላል።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አቧራ እንዳይገባው ነዋ፣ ልጄ። ስትወጣ አለብሰዋለሁ፤ መምጫህ ሲደርስ አነሣዋለሁ።"

እኛ ዘንድ ቴሌቪዥኑም ራዲዮውም ዳንቴል ይለብሳል፤ ውድ ዕቃ ራቁቱን አይውልም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከሁሉም የከበረ ስለሆነ ከሁሉም የወፈረው ደረሰው። ማሽኑ ታፍኖ እየጋለ የተሳሳተውን ነገር ዲስኩ ላይ ይጽፍ ኖሯል።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አየር ይፈልጋል፤ ይተዉት" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልተበላሸም። ሥራዬንም በጊዜው አስረከብኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የደረጀ ዕቃ አይረባም የሚለው ወሬ ከዚያች ጠረጴዛ ተነሥቶ ከተማውን አዳረሰ። እስከ ፋሲካ የሚገዛው ጠፋ። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ካልጋሪ፣ መሄዱን ከሌላ ሰው ሰማሁ። በጣም አፈርኩ፤ ቢሆንም ለማንም ምንም አልተናገርኩም።

እውነቱን ካወጣሁ እትዬ መሳቂያ ይሆናሉ፣ እንዲህ ደግ ሴት አላስቀይምም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አጽናናሁ። እትዬ ካረፉ አሁን አሥራ አንድ ዓመት አለፋቸው። የደረጀን ስልክ ካገኘሁ አራት ዓመት ሆነኝ። እስከ ዛሬ አልደወልኩለትም።