የወፍጮ ቤቱ ወሬና ዝም ያለችው ልጅ

ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አባቷ ከገነተ ማርያም ማዶ የሚያርስ ገበሬ ሲሆን ላሊበላ አክስቷ ዘንድ ያስቀመጣት እንድትማርለት ነው። በገና ሰሞን መጥቶ ለአስተማሪዋ የነገራትን እሷው አጫውታኛለች፦ «ቤቴ ሳለች አፏ አያርፍም ነበር። ከተማ ገብታ ዲዳ ከምትሆንብኝ እስከ ፋሲካ ልያትና ካልሆነ እወስዳታለሁ።»

እኔ ወደ ላሊበላ የወጣሁት የእንግዳ ማረፊያዎች ሥራ እንዴት እንደሰነበተ ለመዘገብ ነበር። የተከራየሁት ክፍል በአስተማሪዋ ወላጆች ግቢ ውስጥ ነው። አስተማሪዋ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስትማር ኮርፐስ የሚባል የቋንቋ ጥናት ዘዴ ተምራለች። ሰዎች በርግጥ የተናገሩትን በብዛት ትሰበስባለህ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለህ፤ ከዚያ አንድ ቃል የገባበትን ቦታ ሁሉ፣ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቃላት ጋር፣ በየመስመሩ አስደርድረህ ታያለህ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ አልችል ብላ ነው ወይስ እኔ በማታውቀው መንገድ እያናገርኳት ነው? ይህን በግምት መወሰን አልፈልግም» አለችኝ። በግምት አልወስንም የሚል ሰው ደስ ይለኛል። የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ደግሞ የኖርኩበት ሥራ ነው። እረዳሻለሁ አልኳት።

መጀመሪያ ያስቸገረን መቅጃውን ማን ይያዝ የሚለው ነበር። በዚህ አገር የማያውቁት ሰው መሣሪያ ይዞ ቢገባ ወሬው ሁሉ ይቆማል። አስተማሪዋ መላ አገኘች። አባቷ ቄስ ናቸው፤ በከተማውም በገጠሩም የብዙ ቤት የንስሐ አባት ስለሆኑ የማይገቡበት ደጅ የለም። መቅጃውን ለእሳቸው ሰጠች። እሳቸውም በየሄዱበት «ልጄ ለትምህርት የምትፈልገው ነው፤ ብቀዳችሁ ትፈቅዳላችሁ?» እያሉ ጠየቁ። እንቢ ያላቸው አልነበረም። ፍላቂት ድረስ ዘመድ ጥየቃ ሄደው የዚያን ገበያ ሳይቀር ቀድተው መጡ።

ሁለታችንም ደስ ብሎን ገለበጥነው። ከዚያ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ «ውድ ነው» የሚለውን ፈለገች። የለም። «ቀንስ» ብላ ፈለገች። የለም። «ቀንሺ»ም የለም። የቅዳሜውን የላሊበላን ገበያ ለብቻው ከፍተን ስናነብ ነጋዴዋ «አባ፣ የሰጡኝን እቀበላለሁ፤ ብቻ ይጸልዩልኝ» ትላለች። ከሷ ቀጥሎ ያለው ሽንኩርት ሻጭም ያንኑ ይላል። የሚሳደብ የለም፣ የሚያሽሟጥጥ የለም፣ ሰው የሚያማ የለም። በየመስመሩ «ይባርኩኝ»፣ «ይፍቱኝ» ብቻ። ልጆቹ ደግሞ መስቀል ሲሳለሙ ካልሆነ ድምፃቸው አይሰማም።

አስተማሪዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «አባቴ፣ እርስዎ የቀዱት ገበያ እኮ ገዳም ነው!»

ቄሱ ከደጅ ሆነው ነጠላቸውን እያስተካከሉ መለሱ። «እኔ ምን ላድርግ? ሕዝቡ ጨዋ ሆነ!»

«ጨዋ የሆነው ለእርስዎ ነው።»

«ታዲያ መስቀሌን ጥዬ ልሂድልሽ?»

«መስቀሉንስ ይያዙት፤ መቅጃውን ይመልሱልኝ።»

ከዚያ በኋላ መቅጃው ወፍጮ ቤት ገባ። አስተማሪዋ ለባለወፍጮውና ለተራ ጠባቂዎቹ ሁሉ ምን እንደሆነ ነግራ፣ መቀዳት የማይፈልግ ካለ ድምፁ እንደሚጠፋለት አስረድታ፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ እንግዳ አንገታቸውን አቅንተው ተናገሩ። በኋላ ረሱት። ወፍጮው ሲጮህ ምንም አይሰማም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሞተሩ ይቆምና ወሬው ይጀመራል። ከተማው መብራት ጠፋ ብሎ ሲያማርር እኛ ስብስባችን አደገ ብለን እንደሰት ነበር።

ከገለበጥኩት አንዱን አስታውሳለሁ። አንዲት ሴት ጆንያዋን ወደፊት ስትገፋ ሌላዋ ትጮህባታለች።

«አንቺ! ተራው የኔ ነው!»

«ተራሽማ ትናንት ነበር፤ የት ሄደሽ ነው?»

«አዬ ምላስ! እህሉን በምላስሽ አትፈጭውም? ወፍጮ ምን ያደርግልሻል?»

«ያንቺን ገብስ ጨርሼ ነው የኔን የምፈጨው!»

በዚህ ስብስብ ውስጥ ልጆች ነበሩ፤ ይናገሩም ነበር። አስተማሪዋ ትልልቅ ሰዎች ልጆችን የጠየቁባቸውን መስመሮች ለብቻ አወጣች። ከጎኑ ደግሞ የራሷን ክፍል ቀድታ አስቀመጠች። የገዛ ድምፅን ገልብጦ ማንበብ ቀላል አይደለም፤ እሷ ግን ፊቷ አልተለወጠም። ክፍል ውስጥ ደጋግማ የምትጠይቀው፣ መጽሐፉም እንደሚያዛት፣ ሥዕል እያሳየች «ይህ ምንድን ነው?» ነው። ላም መሆኗን እያወቀች ላም አሳይታ ትጠይቃለች። ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ነገር ልጅን ሲጠይቅ አላገኘንም። የለም ማለቴ አይደለም፤ በያዝነው ውስጥ አላገኘንም። ልጅ እዚያ የሚጠየቀው ጠያቂው ያላየውን ነው። ይላካል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይናገራል። «ምን አለችሽ?» የሚለው ጥያቄ በየገጹ ነበር፤ ከሥሩም ልጅ ሳያቋርጥ የሚያወርደው ረጅም መልስ። የተላከ ልጅ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ማድረስ አለበት፤ ቢያጎድል ይገሠጻል።

«የልጆቹን አፍ የማስይዘው እኔ ነኝ መሰለኝ» አለች አስተማሪዋ ማያ ገጹን እያየች። «የምታውቀውን ለምን ትጠይቀኛለች ብለው ይሆን?»

«ይሆናል» አልኩ።

በማግሥቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየሁ። አስተማሪዋ ሥዕሉን አልሰቀለችም። ዝምተኛዋን ልጅ ጠርታ «ወደሚቀጥለው ክፍል ሂጂና ለመምህሩ፣ ጠመኔ አልቆብኛል፣ ካለዎት ይላኩልኝ ብላለች በያቸው» አለቻት። ልጅቱ ወጣች። ስትመለስ በእጇ ትንሽ ስባሪ ይዛለች።

«ምን አሉሽ?»

ልጅቱ እጆቿን አጣምራ ቆመች። ከዚያ በመምህሩ ጎርናና ድምፅ ጀመረች፦ «ጠመኔ በየቀኑ የምትበላው ከምን ጋር ነው? በበርበሬ ነው? እኔ ዘንድም ያለው ይቺው ናት። ነገ ደግሞ ሰሌዳውን ላኩልኝ እንዳትል፣ ብለዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪዋም ሳቀች፤ ፊቷን ግን ወደ ሰሌዳው አዙራ ነበር። በስባሪዋ ጠመኔ ልጅቱ ያመጣችውን መልእክት ቃል በቃል ጻፈችውና «ያሉኝን አንብቢልኝ» አለቻት። ልጅቱ ፊደሎቹን እየነካች፣ አንዳንዱን ሳትለይ እያለፈች፣ አነበበች። ከዚያ ቀን ወዲያ ክፍሉ በየጠዋቱ መልእክተኛ ነበረው።

አንዲት ልጅ ለአንድ ዘዴ ማስረጃ አትሆንም። ይህን ለአስተማሪዋም ነግሬያታለሁ፤ እሷም ታውቃለች። አባትየው ግን ማስረጃ አልጠየቀም፤ ልጁን ነው የጠየቀው። ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። አክስትየው የልጅቱን ልብስ አስራ እንደጨረሰች ነገረን።

«ትናገራለች» አለችው አስተማሪዋ።

«እስቲ» አለና ዱላውን ከፍ አድርጎ ለልጁ አሳያት። «ይሄ ምንድን ነው?»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። ዝም አለች። የአስተማሪዋ እጅ የቀሚሷን ጠርዝ ጨብጦ ሲቀር አየሁ።

«አይ መምህርት» አለ አባትየው ዱላውን እያወረደ፣ ድምፁ ሳይከፋ።

ልጅቱ ቀና አለች። «አባባ፣ አያውቁትም እንዴ?»

አባትየው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «አውቀዋለሁ እንጂ! እንዲህ ነው እንዴ ከተማ ያስተማረሽ፣ አባትን መጠየቅ?»

«እርስዎ ጠየቁኝ እኮ።»

ሳቁ በረድ ሲልለት ዱላውን ትከሻው ላይ አደረገ። «በይ ሂጂና ለአክስትሽ፣ ጓዟን ፍቺው፣ እስከ ሰኔ ትቆያለች ብሏል...»

የቀረውን የሰማነው እኔና አስተማሪዋ ብቻ ነን፤ ልጅቱ በሩን አልፋ ነበር።