ተዘቅዝቆ የወጣው ነጠላ

ዘጋቢነቴን ሳልተው በትርፍ ጊዜዬ ቪዲዮ ማቀናበር የጀመርኩት ጎንደር አራዳ፣ በጋሽ ሰይድ ስቱዲዮ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ልብ መሰረዝ ነበር። በአንድ የሠርግ ፊልም ላይ ትዕይንት በተቀየረ ቁጥር ቀይ ልብ ይፈነዳል። «ሽማግሌዎቹ ሲመርቁም ልብ ፈነዳባቸው» አሉ ጋሽ ሰይድ። «የሙሽራዋ አባት ፊልሙን መልሰውልኛል። አውጣልኝ።»

ከትዕይንት ወደ ትዕይንት የሚያሻግረውን ይህን ነገር ትራንዚሽን እንለዋለን። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጡት ልብ፣ ኮከብና የሚገለጥ ገጽ ብቻ ነበሩ። ለእኛ ሠርግ የሚሆነውን ማን ይሠራዋል ብዬ ጠየቅሁ። የሚመልስልኝ ስላጣሁ፣ ከኢንተርኔት ቤት ባተምኳቸው ወረቀቶች ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ።

የመጀመሪያው ፕለጊኔ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራሜ፣ ነጠላ ነበር። የእህቴን ነጠላ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ፎቶ አነሳሁት። ነጠላው ጥለቱ ከታች ሆኖ ስክሪኑን አቋርጦ ያልፋል፤ ከኋላው አዲሱ ትዕይንት ይገለጣል። መጀመሪያ እንደ ቆርቆሮ ደረቅ ነበር። መሐሉ ከጫፎቹ ትንሽ ዘግይቶ እንዲመጣ ሳደርገው ጨርቅ መሰለ።

«ስንት እንሽጠው?» አሉኝ ጋሽ ሰይድ።

«በነፃ ነው የምሰጠው።»

«ይሁን፤ በነፃ ከሆነ ወቀሳም የለበትም።»

በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ እንፍራንዝና አይከል ካሉ ስቱዲዮዎች ደረሰ።

አንድ ሐሙስ የአይከሉ አቀናባሪ መልካሙ ደወለልኝ። አያ አድማሱ የሚባሉ ገበሬ ልጃቸውን ድረው፣ ፊልሙን ሊወስዱ መጥተው፣ አይተው ሳይጨርሱ ተነሥተዋል። «ነጠላህ ተዘቅዝቆ ነው የሚመጣው» አለኝ። «ጥለቱ ከላይ ነው። ሳቀናብር በማይባት ትንሿ መስኮት ላይ ጥለቱ ክር ስለሚመስል እኔም አላየሁትም።»

«እኔ ጋ ግን ደህና ነው።»

«እሱን ለአያ አድማሱ ንገራቸው።»

ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ የሚለብሰው ለሐዘን ነው። ቢሆንም ከማፈሬ ይልቅ ገረመኝ። ያው ፋይል እንዴት በአንዱ ማሽን ቀና፣ በሌላው ዝቅዝቅ ይሆናል? ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ በሚኒባስ አይከል ሄድኩ። አያ አድማሱ ቀድመውኝ መልካሙ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ምነው ልጄ፣ የማንን ሞት ሰምታችሁ ነው?»

«ሞት የለም፣ አያ። ኮምፒውተሩ ነው የገለበጠው።»

«ኮምፒውተርም ለቅሶ ይደርሳል?»

መልካሙ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ልጄ ነገ ከባሏና ከአማቶቿ ጋር ቤቴ ትመጣለች። ፊልሙን አብረን ልናይ ነው። ይህን ሟርት በአማቶቿ ፊት አላሳያትም።»

ሁለታችን ማሽኖቻችንን አነጻጸርን። ልዩነቱ አንድ ነበር፤ የመልካሙ ኮምፒውተር ምስል የሚያፈጥን ግራፊክስ ካርድ አለው፣ የእኔ የለውም። ካርዱን ስናጠፋው ነጠላው ቀና አለ፤ ስንከፍተው ተዘቀዘቀ። የእኔ ፕሮግራም የምስሉን ረድፎች ከላይ ወደ ታች ይቆጥራል፤ ካርዱ ከታች ወደ ላይ ይቆጥራል። የተገለበጠው ልብ ወይም ኮከብ ቢሆን የሚያኮርፍ አልነበረም። ፕለጊኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአቆጣጠሩን አቅጣጫ እንዲለይ አድርጌ ጻፍኩት፤ መልካሙም ፊልሙን እንደገና አወጣው።

አያ አድማሱ እስከ መጨረሻው አዩት። «አሁን ሸጋ ነው» አሉ። ሲዲውን በጋቢያቸው ሸፍነው ተነሡና በሩ ላይ ቆሙ። «የሌሎቹስ?»

«የማን?»

«ይህን ነጠላ የሰጠሃቸው። እነሱም ልጅ ይድራሉ።»

ማን እንደገለበጠው፣ የማን ሠርግ ላይ እንደገባ አላውቅም ነበር። የታረመውን ቅጂ ለማውቃቸው ስቱዲዮዎች ሁሉ ላክሁ። ከዓመታት በኋላ እንፍራንዝ አንድ ቤት በእንግድነት ገብቼ የሠርግ ፊልም ተከፈተ፤ ነጠላው ጥለቱ ከላይ ሆኖ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ፕለጊን ሁሉ ሲከፈት፣ ችግር ያየ እንዲደውልልኝ ስልክ ቁጥሬን ያሳያል። ካርድ ባለውና በሌለው ማሽን ሳልሞክረውም ከእጄ አይወጣም። በነፃ የተሰጠ ሥራም ሲበላሽ የሚጠየቀው የሠራው ሰው ነው።